የአንፊልድ ስታዲየም ማስፋፊያ

አንፊልድ የሊቨርፑል ሜዳ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን መጀመሪያ የተጫወተበት ግን ኤቨርተን ነበር። ኤቨርተን ከሜዳው ባለቤት ጋር በኪራይ ተጣልቶ ሲለቅ፣ በ1892 ሊቨርፑል ተመሠረተ። ስታዲየሙን የመኖሪያ ቤቶች ከበውታል፤ ለማስፋት ያስቸገረውም ይኸው ነው።

የክለቡ የቀድሞ ባለቤቶች አጠገቡ ባለው ስታንሊ ፓርክ አዲስ ስታዲየም ሊሠሩ አስበው ነበር። በ2010 ክለቡን የገዛው ፌንዌይ ስፖርትስ ግሩፕ ግን በ2012 እዚያው ለማስፋት ወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ደማቆቹ ደጋፊዎች የሚሰበሰቡበትን ኮፕን የመሰለ ትሪቡን ትቶ መሄድ ከባድ ነው። ዕዳው ግን ጎረቤት ላይ ወደቀ። ለማስፋፊያው ተብለው የተገዙ ቤቶች መስኮታቸው ታሽጎ ለዓመታት ባዶ ቆሙ። ሰፈሩም ተጎሳቆለ። በመጨረሻ ቤቶቹ ፈረሱ።

ትልቁ ሥራ ዋናው ትሪቡን ነው። ግንባታው በ2014 መጨረሻ ተጀመረ። አዲሱን ክፍል ከአሮጌው ጀርባ ስላቆሙት ጨዋታ አልተቋረጠም። ጣሪያውን የሚሸከመው ብረት ብቻ 650 ቶን ይመዝናል። በ2016 ክረምት አሮጌው ጣሪያ ተነሳ። ሥራው እስኪያልቅ ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎች ከሜዳው ውጪ ተጫወተ። መስከረም 10 ቀን 2016 ሌስተር ሲቲን 4 ለ 1 በማሸነፍ ትሪቡኑን መረቀ። ወደ 8,500 ወንበር ተጨምሮ ስታዲየሙ ከ54,000 በላይ ሰው መያዝ ቻለ።

ከምርቃቱ በፊት ግን በትኬት ዋጋ ከባድ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ክለቡ በአዲሱ ትሪቡን ትልቁን ዋጋ 77 ፓውንድ ሊያደርግ አሰበ። የካቲት 6 ቀን 2016 ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወቱ፣ ልክ 77ኛው ደቂቃ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ተነስተው ወጡ። ሊቨርፑል 2 ለ 0 እየመራ ነበር፤ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። በቀናት ውስጥ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ዕቅዱን ሰረዙ፤ ትልቁ ዋጋም 59 ፓውንድ ላይ ቆመ። ደጋፊ ከተባበረ ባለሀብትን እንደሚያስመልስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ቀጣዩ የአንፊልድ ሮድ ትሪቡን ነበር። በመስከረም 2021 አሠልጣኙ የርገን ክሎፕ ሥራውን አስጀመሩ። ወደ 7,000 ወንበር ለመጨመር ለትሪቡኑ ስሙን የሰጠውን መንገድ ራሱን በትሪቡኑ ጀርባ ዞሮ እንዲያልፍ አደረጉት። በ2023 ክረምት ግን ተቋራጩ ቡኪንግሃም ግሩፕ ከሰረና ሥራው ቆመ። ሌላ ድርጅት ተረክቦ ቀጠለ። በታኅሣሥ 2023 ማንቸስተር ዩናይትድ ሲመጣ የላይኛው ደርብ በከፊል ተከፈተ፤ የቀረው በ2024 ተጠናቀቀ። ዛሬ አንፊልድ ከ61,000 በላይ ተመልካች ይይዛል።