የድሮን ቴርሞሜትር ሲወጣና ሲወርድ ለምን የተለያየ ያነባል?

ይህ ጥያቄ ሰሞኑን ደጋግሞ እየተነሳ ነው። «የሴንሰሩ ስህተት ቢበዛ 0.3 ዲግሪ ነው ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ በአንድ ከፍታ ላይ፣ ሲወጣና ሲወርድ የ1 ዲግሪ ልዩነት ከየት መጣ?» ሴንሰሩ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አምራቹ የጻፈው ቁጥር የሚሠራው ሴንሰሩ ከከበበው አየር ጋር እኩል ለመሆን በቂ ጊዜ ሲያገኝ ነው። የሚበር ድሮን ያን ጊዜ አይሰጠውም። አየሩ ይለወጣል፣ ሴንሰሩ ዘግይቶ ይከተላል።

በቁጥር እንየው። በደረቅና በደንብ በተቀላቀለ አየር ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ድሮኑ በሰከንድ 5 ሜትር ከወጣ፣ በዙሪያው ያለው አየር በየሰከንዱ 0.05 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሴንሰሩ 10 ሰከንድ ወደኋላ ከቀረ 0.5 ዲግሪ አስበልጦ ያነባል። ሲወርድ ደግሞ 0.5 ዲግሪ አሳንሶ። በቃ፣ 1 ዲግሪ ሞላ!

መዘግየቱ በሁሉም ሴንሰር ላይ አለ። መጠኑ ግን ይለያያል፤ የሴንሰሩ ውፍረት፣ ሽፋኑና በላዩ የሚያልፈው ነፋስ ይወስኑታል። ፀሐይና የሞተር ሙቀት የሚያመጡት ስህተት ሌላ ነው፤ እሱን በዝግታ መብረር አያጠፋውም።

እኔ የምመርጠው በምትለኩበት ከፍታ ላይ ቆማችሁ ንባቡ እስኪረጋ መጠበቅን ነው። ባትሪው ካልበቃ፣ በእኩል ፍጥነት ወጥታችሁ ውረዱና የሁለቱን አማካይ ውሰዱ። ይህም የሚያዋጣው በመሃል አየሩ ራሱ ካልተለወጠ ነው። እባካችሁ ውጤት ስታጋሩ የበረራውን ፍጥነትም አብራችሁ ጻፉ።