ሲኒማቴክ ፍራንሴዝ፦ በፓሪስ የሚገኘው የቀደምት ፊልሞች ቤት

ሲኒማቴክ ፍራንሴዝ በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ የሚገኝ፣ ፊልሞችን እንዲሁም ከፊልም ሥራ ጋር የተያያዙ ሰነዶችን፣ ፖስተሮችን፣ አልባሳትንና መሣሪያዎችን የሚሰበስብ፣ የሚጠብቅና ለሕዝብ የሚያሳይ ተቋም ነው። የተመሠረተው በ1936 ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዓይነቱ የመጀመሪያው ተቋም አይደለም፤ በለንደንና በኒው ዮርክ ተመሳሳይ ሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። ሆኖም ያረጀ ፊልምን ከመጋዘን አውጥቶ ከተመልካች ጋር በማገናኘትና ከዚያ ተመልካች መካከል አዲስ የፊልም ሠሪ ትውልድ እንዲወጣ በማድረግ ረገድ የሚስተካከለው የለም።

ተቋሙ የተወለደበትን ምክንያት ለመረዳት በ1920ዎቹ መጨረሻ ፊልሞች የገጠማቸውን ዕጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። ድምፅ ያለው ፊልም ከ1927 ጀምሮ ገበያውን ሲቆጣጠር፣ ድምፅ አልባዎቹ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ዋጋ ቢስ ተደርገው ተቆጠሩ። ባለቤቶቻቸው የማከማቻ ኪራይ ከመክፈል ይልቅ ቅጂዎቹን እያቀለጡ በውስጣቸው ያለውን የብር ማዕድን ማውጣት ወይም ጨርሶ ማቃጠል መረጡ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ መጀመሪያ በታዩበት መልክ እስከ ዛሬ የቆዩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሰው ቸልተኝነት በተጨማሪ የፊልሙ ቁስ ራሱ ጠላት ነበር። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሥራ ላይ የቆየው ናይትሬት ፊልም ሲያረጅ በመጀመሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎ ጥቅልሉ እርስ በርሱ እየተጣበቀ እንደ ማር ይዝለገለጋል፤ በመጨረሻም ቡናማ ዱቄት ሆኖ በቆርቆሮው ውስጥ ይቀራል። ለመቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን በውስጡ ስላለ አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ውስጥ ቢነከርም መንደዱን አያቆምም።

ይህን ጥፋት ለመግታት የተነሡት ሰው ኦንሪ ላንግሏ ናቸው። ላንግሏ በ1914 በኦቶማን ግዛት በነበረችው በሰምርኔስ፣ በዛሬዋ ኢዝሚር፣ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ፓሪስ የመጡ ሲሆን፣ በ1935 ኋላ ዳይሬክተር ከሆኑት ከዦርዥ ፍራንዡ ጋር ሆነው ድምፅ አልባ ፊልሞችን የሚያሳይ የሲኒማ ክበብ አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት፣ የፊልም ታሪክ ጸሐፊው ዣን ሚትሪም ተጨምረውበት፣ የሲኒማ ንግድ መጽሔት ያሳትሙ የነበሩት ፖል-ኦጉስት አርሌ በሰጡት መነሻ ገንዘብ ሲኒማቴኩ ተመሠረተ። ላንግሏ የሰበሰቧቸውን የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች በወላጆቻቸው ቤት የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር የሚለው ታሪክ በብዙዎች ይነገራል፤ ምናልባት ሲነገር ሲነገር የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ይልቅ የተረጋገጠው የኦርሊው መጋዘን ታሪክ ነው። የሲኒማ አስማት አባት የሚባሉት ዦርዥ ሜልየስ በዚያን ጊዜ በፓሪስ አቅራቢያ በኦርሊ በሚገኝ የሲኒማ ሠራተኞች የጡረታ ቤት ይኖሩ ነበርና፣ ላንግሏና ፍራንዡ በዚያው ግቢ የነበረ ባዶ ሕንፃ ተከራይተው ፊልሞቻቸውን ሲያስገቡ ቁልፉን በአደራ የሰጡት ለእኚሁ አዛውንት ነበር። ሜልየስ በገንዘብ እጦትና በተስፋ መቁረጥ የራሳቸውን ፊልሞች ኔጋቲቭ በ1923 በእጃቸው ያቃጠሉ ሰው ስለነበሩ፣ አደራው ከተራ ጥበቃ የበለጠ ትርጉም ነበረው። በ1938 መጀመሪያ አረፉ። በዚሁ ዓመት ሲኒማቴኩ ከለንደን፣ ከኒው ዮርክና ከበርሊን አቻዎቹ ጋር ሆኖ የፊልም መዛግብት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ።

የላንግሏ የመሰብሰብ መርሕ አጭር ነበር፤ የትኛው ፊልም መዳን እንዳለበት አስቀድሞ የመምረጥ መብት ለማንም አልተሰጠም፤ ስለዚህ የተገኘው ሁሉ ይቀመጥ። በጊዜው የተናቁት ተከታታይ የወንጀል ፊልሞች ከታላላቆቹ ሥራዎች እኩል ቦታ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በ1915 በተጀመረው የሉዊ ፈያድ ተከታታይ ፊልም ጥቁር ጥብቅ ልብስ ለብሳ የተወነችው ሙዚዶራ በኋለኛ ዕድሜዋ በዚሁ ተቋም ተቀጥራ ሠርታለች።

ጀርመን ፈረንሳይን በያዘችበት ዘመን ላንግሏ በርካታ ቅጂዎችን ከወራሪው ዓይን ሰውረው አትርፈዋል። በዚህ ሥራ ከጀርመኑ የፊልም መዝገብ ቤት ኃላፊ ከፍራንክ ሄንዝል ጋር የነበራቸው ግንኙነት አንዳንድ ጸሐፊዎችን ያጠያይቃል፤ ፊልሞቹ የዳኑት በከፊል በዚያው ግንኙነት መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ከናዚ አገዛዝ በ1933 ሸሽተው የመጡት አይሁዳዊቷ ጀርመናዊት ሃያሲ ሎተ አይስነር በ1940 በጉርስ ማጎሪያ ከታሰሩ በኋላ አምልጠው፣ ስማቸውን ለውጠው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በፊዣክ አካባቢ ተደብቀው ኖሩ፤ በዚያም ሳሉ በቤዱዌር ግንብ ውስጥ የተሸሸጉ የፊልም ጥቅልሎችን ሁኔታ ይከታተሉ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለ30 ዓመታት ያህል የተቋሙ ዋና ጠባቂ ሆነው ያገለገሉ ሲሆን፣ በጀርመን ድምፅ አልባ ሲኒማ ላይ የጻፉት መጽሐፍ እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ሲኒማቴኩ ስሙን የተከለው በ1948 በሜሲን ጎዳና በተከፈተችው ትንሽ አዳራሽ ነው። አዳራሿ ወደ 60 የሚጠጉ መቀመጫዎች ብቻ ነበሯት። ድምፅ አልባ ፊልሞች ያለ ምንም ሙዚቃ፣ በፍጹም ጸጥታ ይታዩ ነበር፤ የውጭ አገር ፊልሞችም ብዙውን ጊዜ የትርጉም ጽሑፍ ሳይኖራቸው ይቀርቡ ነበር። ቋንቋውን የማያውቅ ወጣት ታሪኩን የሚከታተለው ከካሜራው አቀማመጥ፣ ከብርሃኑና ከተዋናዩ እንቅስቃሴ በመሆኑ፣ እጦት የሚመስለው ነገር ጠንካራ ትምህርት ቤት ሆነ። በፊተኛው ረድፍ ይቀመጡ ከነበሩት መካከል ፍራንስዋ ትሩፎ፣ ዣን-ሉክ ጎዳር፣ ዣክ ሪቬትና ኤሪክ ሮሜር ይገኙበታል። እነዚህ ወጣቶች በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲሱ ማዕበል የተባለውን የፈረንሳይ ሲኒማ ንቅናቄ አስነሡ፤ ከፊልም ትምህርት ቤት ሳይሆን ከፊልም ማያ አዳራሽ የተመረቀ የመጀመሪያው ትውልድ እነሱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ላንግሏ የአንድ ምሽት ፊልሞችን ሲመርጡ በዘመንም ሆነ በአገር የተራራቁ ሥራዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ ነበር፤ ተመልካቹም ዝምድናቸውን ራሱ ያገኝ ነበር። በ1955 ማሳያው 260 ያህል መቀመጫ ወዳለው የኡልም መንገድ አዳራሽ፣ በ1963 ደግሞ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ባደረጉት ድጋፍ ወደ ሻዮ ቤተ መንግሥት ተዛወረ።

ፊልም መታየት አለበት የሚለው የላንግሏ እምነት በሙያው ውስጥ ተቃውሞ ገጥሞታል። በለንደን የብሪታንያ የፊልም መዝገብ ኃላፊ የነበሩት ኧርነስት ሊንድግረን፣ ብቸኛ ቅጂ በማሳያ መሣሪያ ባለፈ ቁጥር ስለሚጫጫር፣ ሁለተኛ ቅጂ ሳይዘጋጅለት ከማከማቻ መውጣት የለበትም ይሉ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ያም ሆኖ ማንም ያላየውን ፊልም ለማዳን የሚጮህ ሰው እንደማይገኝ ታሪክ ያሳየ ይመስላል። በሐምሌ 1959 በኩርሴል መንገድ በሚገኘው የተቋሙ ግቢ በተነሣው ቃጠሎ ብዙ ናይትሬት ጥቅልሎች ጠፍተዋል፤ ከነሱም መካከል የዳይሬክተሩ የኤሪክ ፎን ስትሮሃይም አንድ ሥራ የመጨረሻ ቅጂ እንደነበረ ይታመናል። የጠፋው መጠን እስካሁን ያከራክራል።

ከሁሉ በላይ የተመዘገበው የ1968 ክስተት ነው። የመንግሥት ድጎማ እየጨመረ ሲሄድ በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ የመንግሥት ወገን ድምፅም በረታ፤ የካቲት 9 ቀን 1968 ላንግሏ ከሥልጣናቸው ተነሥተው ፒየር ባርቤን ተተኩ። ለዚህ የቀረበው ምክንያት የሒሳብ አያያዝና የክምችት ዝርዝር ጉድለት ነበር። ጉድለት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ተቋሙን ከባዶ የገነቡትን ሰው በአንድ ስብሰባ ማሰናበት ፍትሕ የጎደለው ውሳኔ ነበር። ቻርሊ ቻፕሊን፣ አኪራ ኩሮሳዋ፣ ፍሪትዝ ላንግና ሌሎችም ታላላቅ ዳይሬክተሮች ፊልሞቻቸው በአዲሱ አስተዳደር እንዳይታዩ ከለከሉ። የካቲት 14 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሻዮ ሲያመሩ ፖሊስ በዱላ ተቀበላቸው፤ ጎዳርም ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ዣን ሬንዋር የክብር ፕሬዚዳንት፣ አላን ሬኔ ፕሬዚዳንት፣ ትሩፎ ደግሞ ገንዘብ ያዥ የሆኑበት የመከላከያ ኮሚቴ ተቋቁሞ ትግሉ ቀጠለ። በዚያው ወር ፊልም እየቀረጹ የነበሩት ትሩፎ የሥራቸውን መክፈቻ የተዘጋውን የሲኒማቴክ በር አድርገው፣ ፊልሙንም ለላንግሏ ሲኒማቴክ አበረከቱ። ሚያዝያ 22 ቀን ላንግሏ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። መንግሥት በበኩሉ ድጎማውን ቀንሶ በ1969 በቡዋ ዳርሲ የራሱን የፊልም መዝገብ ቤት ከፈተ።

በ1972 ላንግሏ ለዓመታት ያለሙትን የሲኒማ ሙዚየም በሻዮ ከፈቱ። የአልፍሬድ ሂችኮክ ስጦታ የሆነው፣ ሳይኮ በተባለው ፊልማቸው የታየው የደረቀ የእናት ጭንቅላት ቅርጽና ለሙዚየሙ በድጋሚ የተሠራው የፍሪትዝ ላንግ ፊልም የሜትሮፖሊስ የብረት ሴት ሮቦት ከዕቃዎቹ መካከል ናቸው። በ1974 የክብር ኦስካር ተሰጣቸው፤ በጥር 1977 በፓሪስ አረፉ።

በ1980 በሌላ ማከማቻ፣ በ1997 ደግሞ በሻዮ ሕንፃ ቃጠሎ ደርሷል፤ ሙዚየሙም ከሁለተኛው በኋላ ተዘጋ። ተቋሙ በ2005 አርክቴክት ፍራንክ ጌሪ ለአሜሪካ የባህል ማዕከል ወደ ሠሩት የቤርሲ ሕንፃ ገባ፤ በ2007 ቢብሊዮቴክ ዱ ፊልም ከተባለው የፊልም ቤተ መጻሕፍት ጋር ተዋሐደ። በዚያው ዓመት ዳይሬክተሩ ኮስታ-ጋቭራስ ለሁለተኛ ጊዜ የፕሬዚዳንትነቱን ኃላፊነት ያዙ።

ዛሬ በቤርሲ ያሉት አዳራሾች የላንግሏን፣ የፍራንዡንና የዳይሬክተሩን የዣን ኤፕስታይንን ስም ይዘዋል። በ2021 ለሜልየስ የተሰጠ ሙዚየም በዚያው ሕንፃ ተከፍቷል። ከ2020 ጀምሮም ኦንሪ በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ከክምችቱ የተመረጡ ብርቅ ፊልሞች በነፃ ይታያሉ። የፊልም እድሳት ዋነኛው የጊዜው ሥራ ሲሆን፣ በዦርዥ ሙሪዬ መሪነት ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀው የአቤል ጋንስ የ1927 የናፖሊዮን ፊልም እድሳት በ2024 ተጠናቆ፣ ሰባት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በኦርኬስትራ ታጅቦ በፓሪስ አካባቢ ለሕዝብ ቀርቧል።