የመኪና ዳሽቦርድ ኪስ አልዘጋ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከተሳፋሪው ፊት ያለው የዳሽቦርድ ኪስ በላስቲክ ታስሮ ወይም በተጣጠፈ ካርቶን ተወጥሮ ማየት በአሮጌ ኮሮላዎች ውስጥ የተለመደ ነው። ሊብሬውም ኢንሹራንሱም እዚያ ስለሚቀመጥ ኪሱን ትቶ መሄድ አይቻልም፤ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ክዳኑ የተሳፋሪው ጉልበት ላይ ይወርዳል። ጥገናው ቀላል ነው፤ የሚያከብደው ባልተበላሸው በኩል መጀመር ነው።

እዚህ የምናወራው መሃሉ ላይ አንድ እጀታ ስላለው አሮጌ ዓይነት ነው። በእጀታው ውስጥ በሞላ የሚገፋ ምላስ አለ። እጀታው ሲሳብ ምላሱ ይሸሻል፤ ሲለቀቅ ተመልሶ ዳሽቦርዱ ላይ በብሎን የታሰረውን የብረት ቀለበት ይነክሳል።

«ክዳኑ ካልያዘ መቆለፊያው ተሰብሯል ማለት ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። ኪሱን ክፈቱና ምላሱን በጣት ግፉት። ሳይጎተት ገብቶ ወዲያው ተመልሶ ከወጣ ሞላውም ምላሱም በሕይወት አሉ፤ ጥርጣሬው ወደ ቀለበቱ ይዞራል። ክዳኑ ለዓመታት እየተወረወረ ሲዘጋ የቀለበቱ ብሎኖች ይላላሉ፣ ቀለበቱም ከቦታው ይሸሻል።

የት እንደሚገናኙ ለማየት ምላሱ ጫፍ ላይ ትንሽ ግራሶ ወይም የከንፈር ቀለም ቀቡና ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ገፍታችሁ መልሱት። ምልክቱ የቀለበቱ መሃል ላይ ካረፈ ደህና ነው። ዳር ላይ ካረፈ ሁለቱን ብሎኖች ቀለበቱ በእጅ እስኪነቃነቅ ድረስ ብቻ አላሏቸው፣ ቀለበቱን ወደሚፈለገው አቅጣጫ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ግፉና አጥብቁ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ሞላላ የሆነው ለዚሁ ማስተካከያ ነው። ቀለበቱ ለምላሱ ከራቀ ከሥሩ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሮንዴላ (መሃሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት) ይገባል። ሁለት ሮንዴላ ከጠየቀ ግን ሌላ የታጠፈ ወይም የተሰበረ ነገር አለ።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት የታችኛውን ማጠፊያ እዩ። የተከፈተውን ክዳን በአንድ ማዕዘኑ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ አንዱ ወገን ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፒኑ ተበልቷል፣ ክዳኑም አዘንብሎ ነው የሚመጣው። የተዘነበለ ክዳን በምንም ቀለበት አይስተካከልም። ደግሞም ኪሱን ባዶ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የውኃ ጠርሙስ የታጨቀበት ኪስ አልዘጋም ቢል ጥፋቱ የመቆለፊያው አይደለም።

«ሱፐር ግሉ ይበቃዋል»

ከሁሉ በላይ መኪና ውስጥ ጉዳት ያደረሰ ምክር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ መስታወት ደረቅ ነው፤ እጀታ ደግሞ በተሳበ ቁጥር የሚታጠፍ ነገር ነው። በፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ሲግል ማጣበቂያው ይበልጥ ይዳከማል። ጭሱም በአካባቢው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጭጋግ ጥሎ ይሄዳል። ጠብታው ወደ ምላሱ መንሸራተቻ ከገባማ የሚሠራው ክፍል ጭምር ይጣበቃል።

በመጀመሪያ የፕላስቲኩን ዓይነት ለዩ፤ ከጀርባው በላቲን ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። ኤቢኤስ (ABS) ከሆነ በሁለት ቱቦ የሚመጣው ኤፖክሲ በደንብ ይይዘዋል፦ ስብራቱ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ በአልኮል ይጠረጋል፣ ተጣብቆ ለ24 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። ፒኦኤም (POM) ወይም ፒፒ (PP) ከሆነ ግን ተራ ማጣበቂያ ይዞ አይቆይም፤ እንዲህ ያለው በብረት መታሰር አለበት።

እጀታው የሚዞርበት ጆሮ ሲሰበር ከማጣበቅ ይልቅ ብረት ማስገባት ይሻላል። ሁለቱም ጎን በ2 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ይበሳና ያን ያህል ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ ይሳካል፤ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ልኩ ነው። የሽቦው ጫፍ በሞረድ ካልተለሰለሰ ፕላስቲኩን እየፋቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የብሎን ቀዳዳ ከሆነ የተበላው፣ በኤፖክሲ ሞልቶ ካደረ በኋላ ለ3.5 ሚሊ ሜትር ብሎን በ2.8 መብሳት ነው።

«የተበላ ምላስ አይጠገንም»

የምላሱ አንዱ ፊት ተዳፋት ነው፤ ሲዘጋ የሚንሸራተተው በእሱ ነው። ሌላው ፊት ቀጥ ያለ ነው፤ የሚይዘው እሱ ነው። ሲበላ የሚጎዳው ይህ ቀጥ ያለው ፊት ነው፦ ጠርዙ ይከባል፣ ከዚያ ክዳኑ እጀታው ሳይነካ በመጎተት ብቻ ይከፈታል። በትንሽ ጠፍጣፋ ሞረድ ጠርዙን መልሶ ቀጥ ማድረግ ይቻላል፤ የሚፋቀው ከግማሽ ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የጎደለውም በሮንዴላ ይካካሳል። ተዳፋቱን አትንኩት። የፕላስቲክ ምላስ ከሆነ እንደገና መበላቱ ስለማይቀር ግማሽ ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ አጥፎ ማልበስ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

«ዘይት ይነፋበት»

የሚነፋው ቀጭን ዘይት ቆሻሻ ለማጠብ ጥሩ ነው፤ ለማለስለስ ግን ፈሳሹ ተንኖ የሚቀረው አቧራ ይሰበስብና ምላሱን እንደ ጭቃ ይይዘዋል። በአልኮል ካጸዱ በኋላ የሩዝ ፍሬ የሚያህል የሲሊኮን ግሪስ ይበቃል። የመሽከርከሪያ ግራሶ እዚህ ቦታ የለውም።

«ጠንካራ ሞላ ይደረግበት»

ሞላው ሲጠነክር እጀታው ላይ የሚያርፈው ጉልበትም ይጨምራል፤ ያረጀ ፕላስቲክ ደግሞ ይህን አይችልም። በሳምንቱ እጀታው እጅ ላይ ይቀራል። የእስክሪብቶ ሞላ የሚሉም አሉ፦ ቀጥ ብሎ ለሚጫን ሞላ ጊዜያዊ መፍትሔ ይሆናል፣ ለሚጠመዘዘው ዓይነት ግን ምንም አያደርግም።

«ዳሽቦርዱ ካልወረደ አይሠራም»

በአብዛኞቹ መቆለፊያው ክዳኑ ተከፍቶ በሚታዩ ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች ይፈታል። ኪሱን ማውጣት ካስፈለገም የጎን ማቆሚያዎቹን ወደ ውስጥ ጨምቆ ክዳኑን ማውረድና የታችኛውን ማጠፊያ መልቀቅ ነው። በአንድ ጎን ክዳኑን ቀስ አድርጎ የሚያወርድ የክር ወይም የፒስተን ማለዘቢያ ካለ አስቀድሞ ይላቀቅ፤ ሳይላቀቅ ከተጎተተ ይበጠሳል።

የተሳፋሪ ኤርባግ ያለበት መኪና ላይ ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ሽቦ አይነካም። እዚያ አካባቢ መሥራት የግድ ከሆነ መኪናው በቁልፍ ይጠፋል፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታል፣ ከዚያ ይጠበቃል፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል።

«የኪሱ መብራት ባትሪ አይጨርስም»

መብራቱ ፋሮ ሲበራ ብቻ የሚሠራባቸው መኪኖች አሉ፤ እነሱ ላይ እውነት ነው። ሁልጊዜ በሚሠራበት ላይ ግን ክዳኑ ገርበብ ብሎ ከቀረ ባለ 5 ዋት አምፖል 0.4 አምፔር ገደማ ይስባል፣ በቀን 10 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ቀን ተኩል ወደ ግማሹ ይወርዳል፤ ያረጀ ባትሪ ከሆነ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ላይነሳ ይችላል።

«ቁልፉ ካልዞረ ሲሊንደሩ ተበልቷል»

ሲሊንደሩ ቁልፉ የሚገባበት ክፍል ነው፤ እሱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሌላውን ቁልፍ ሞክሩ። ከአንዳንድ ቶዮታዎች ጋር የሚመጣው ግራጫ ራስ ያለው ቁልፍ በሩንና ሞተሩን ይከፍታል፣ የዳሽቦርዱን ኪስና የኋላውን ዕቃ መጫኛ ግን ሆን ተብሎ አይከፍትም፤ መኪናውን ለሌላ ሰው አደራ ሲሰጡ አብሮ ለመስጠት የተሠራ ነው።

«ሙሉውን ኪስ ከሶማሌ ተራ መግዛት ይሻላል»

ማጠፊያው ወይም ሣጥኑ ራሱ ከተሰነጠቀ አዎ፣ ከዚህ የአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያ መግዛት ይሻላል። መቆለፊያው ብቻ ከሆነ ለብቻው ጠይቁ። የድሮውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሞዴል ስም ብቻ አይበቃም፤ በተለይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪና ዳሽቦርዱ ከሌላ ሞዴል የመጣ ሊሆን ይችላል። የብሎኖቹን ርቀት አመሳስሉ፣ እጀታውን አሥር ጊዜ ሳቡ፣ የምላሱን ጠርዝ በጥፍር ዳስሱ፣ የማጠፊያ ፒኖቹን ሁለቱንም እዩ። ቁልፍ ያለው ከሆነ ቁልፉን አብረው መስጠታቸውን አረጋግጡ፤ ከሌለ የራሳችሁ ሲሊንደር መዛወር እንደሚችል እዚያው አስፈትሹ።