የቆዳ ወንበር «ማቅለሚያ ስፕሬይ» ምንድን ነው?

በቀደም አንድ አባት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው የመኪናቸውን የሾፌር ወንበር አሳዩኝ፤ ከተረጨ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በመግቢያው በኩል ያለው ጎን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። የረጨላቸው ሰው «ይህ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ማቅለሚያ ስለሆነ ማጠብም ማሸትም አያስፈልገውም» ብሎ አሳምኗቸው ነበር። ይህንኑ አባባል ከብዙ ሰው አፍ ስለሰማሁ ቃሉን ማጥራት ግዴታ ሆኖብኛል።

ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው «ቀለም» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያስባል። አንደኛው ማቅለሚያ ነው፤ ቆዳው እርጥብ ሳለ በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ከሟሟ ቀለም ጋር ለሰዓታት እየተንከባለለ ክሮቹ ድረስ ይጠጣዋል። ሁለተኛው ልባስ ነው፤ በውሃ የማይሟሙ እጅግ የላሙ የቀለም ብናኞች አክሪሊክ ወይም ፖሊዩረቴን በሚባል ማጣበቂያ ተይዘው በቆዳው ላይ እንደ ስስ ገለፈት ይደርቃሉ። የአብዛኛው መኪና የቆዳ ወንበር ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱንም አግኝቶ፣ በላዩ ደግሞ ቀለም የሌለው መከላከያ ተደርቦበት ነው። በአገልግሎት ብዛት ቀድሞ የሚደበዝዘውና የሚሰነጠቀው ገለፈቱ ሲሆን፣ ለጥገና የሚረጨውም ቀለም በጠርሙሱ ላይ ምንም ይጻፍበት ምን፣ በአብዛኛው ይኸው ልባስ ነው።

በወሎ እንሶስላ የሞቀች ሴት ልዩነቱን ታውቀዋለች። እንሶስላው ከቆዳዋ ጋር ስለሚዋሐድ እጇን ብትታጠብም አይላጥም፣ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል እንጂ። የጥፍር ቀለም ግን ከላይ ይቀመጣል፤ ቅባት ባለበት ጥፍር ላይ ከተቀባ ቶሎ ይነሣል፣ ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይለሰልሳል፣ በላዩም አንጸባራቂው ካልተደረበ ቶሎ ይፈገፈጋል። ወንበሩም እንዲሁ ነው፤ ለዓመታት ቫዝሊንና ሲሊኮን ያለበት ማወልወያ የጠጣ ወንበር በቅባት የተሸፈነ ጥፍር ማለት ነው። ይሁንና ጥፍር አይታጠፍም፤ የሾፌር ወንበር ጎን ግን ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ይታጠፋል። ስለዚህ ልባሱ ከመጣበቅ አልፎ መለጠጥ አለበት፤ የመኪና ቦዲ ቀለም ለወንበር የማይሆነውም ለዚህ ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «የውሃ ጠብታ ያረጀው ቦታ ላይ ይሰርጋል፤ እንግዲህ ቀለሙም ይሰርጋል» ሲል ተከራክሮኛል። ትዝብቱ እውነት ነው፣ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። ውሃው የሰረገው ገለፈቱ አልቆ ቆዳው ስለተራቆተ ነው፤ እዚያም ቢሆን ማጣበቂያው ከላይ ይቀራል እንጂ እንደ ውሃው አይጠፋም፣ ገለፈቱ ደኅና በሆነበት በቀረው ወንበር ላይ ደግሞ ምንም የሚሰርግ ነገር የለም። ልባስ ያልተደረገለት፣ በማቅለሚያ ብቻ የተሠራ ለስላሳ ቆዳ በርግጥ አለ፤ እሱ ግን በመላ አካሉ ውሃ ይጠጣል፣ ልባስ ከተረጨበትም ተፈጥሯዊ ገጽታውን ያጣል።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ቅባቱን ማንሣት፣ በ400 ወይም በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማሸት፣ ስንጥቁን በሚለጠጥ የቆዳ ስቱኮ መሙላት፣ ከዚያም እንደ ጉም በሳሳ ንብር እያደረቁ ደጋግሞ መርጨትና መከላከያውን መደረብ። ወንበሩ በጎኑ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት) ካለው የዚያን ስፌት በስቱኮ መድፈን አይገባም፤ ከረጢቱ እንዲወጣ መቀደድ ያለበት ስፌት ነውና። ለጥንካሬ የሚጨመረው ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት የሚባለው ሲተነፍሱት የሚጎዳ ኬሚካል ካለበት ደግሞ ተራ የአቧራ ጭንብል ሳንባን አያድንም።

የአየሩንም ነገር ማለፍ አልችልም። በውሃ የተበጠበጠ ልባስ ውሃው ሲተን ብናኞቹ እርስ በርስ ተዋሕደው ገለፈት ይሆናሉ፤ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደሴ በክረምት ጉም ውስጥ ከተረጨ ግን ብርዱና እርጥበቱ ውሕደቱን ያዘገዩታል። በእጅ ሲነካ ደረቀ ማለትም ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ቀናት ይፈልጋል።

የእኒያን አባት ወንበር መርጨት ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀብኝ፤ አስቀድሞ የተረጨውን ልጣጭ ከነቅባቱ ማንሣቱ ግን ሁለት ሙሉ ቀን ወሰደ።