በመልካም ግንኙነት ላይ የቆመ የክፍል አያያዝ ምንድን ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የተማረ ሰው የክፍል አለቃውን ዝርዝር አይረሳውም። አለቃው ጠመኔ ይዞ በሰሌዳው ጥግ «ረባሾች» ብሎ ስም ይደረድራል፤ መምህሩም እንደገባ ከትምህርቱ አስቀድሞ የሚያነበው ያንን ነው። ይህ አሠራር ክፍሉን ዝም ያሰኛል፤ ዝምታው ግን መምህሩ በር እስኪወጣ ድረስ ብቻ ይቆያል። በመልካም ግንኙነት ላይ የቆመ የክፍል አያያዝ የምንለው፣ ተማሪው መምህሩ እንደሚያውቀውና እንደሚያስብለት በማመኑ ሥርዓትን የሚያከብርበትን አመራር ነው።

ብዙዎች ይህን ከልስላሴ ጋር ያምታቱታል። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሮበርት ማርዛኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ100 በላይ ጥናቶችን መርምረው ባቀረቡት ውጤት፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር ጥሩ ግንኙነት ያላቸው መምህራን በዓመቱ ውስጥ የገጠማቸው የሥነ ሥርዓት ችግር ከሌሎቹ በ31 በመቶ ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ እርሳቸው ጥሩ ያሉት ግንኙነት ቅርበትን ከጽኑ መሪነት ጋር ያጣመረውን ነው። ተማሪውን የሚያቀርብ፣ ደንቡን ግን የሚያላላ መምህር ይህን አያገኝም።

ግንኙነት ሥርዓትን የሚያስከብርበት መንገድ በተግሣጽ ጊዜ ይታያል። ሁለት መምህራን አንድን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በተመሳሳይ ድምፅ «ተቀመጥ!» ቢሉት፣ ከሚያውቀው መምህር የሰማውን ስለ ድርጊቱ እንደተነገረ ይወስደዋል፤ ስሙን እንኳ ከማያውቀው የሰማውን ግን በስልሳ ጓደኞቹ ፊት እንደተሰነዘረ ውርደት ይቆጥረዋል። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ክብሩን ለማዳን መልስ ይሰጣል፣ መምህሩም ላለመሸነፍ ይጨምራል፣ ክፍለ ጊዜውም በዚሁ ያልቃል።

ከኮምቦልቻ ኑሮ ምሳሌ እንውሰድ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዘወትር የሚያንቀላፋ ልጅ አለ እንበል። እናቱ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ታናሽ እህቱን የሚጠብቀው እርሱ ነው። መምህሩ ይህን የሚያውቀው በዕረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርቶ ሲጠይቀው ነው። ካወቀ በኋላ ከፊት ሊያስቀምጠው፣ የቤት ሥራውንም ትምህርት ቤት እንዲጨርስ ሊያመቻችለት ይችላል፤ የቤት ሥራው ግን አይቀርለትም።

በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ከልጆቹ ጋር ስለሚውል መተዋወቁ ቀላል ነው። ከዚያ በላይ አንዱ መምህር በብዙ ክፍሎች ስለሚዞር በመቶዎች የሚቆጠር ስም ማጥናት ግድ ይሆንበታል፤ በእኔ እምነት ከዕቅድ ዝግጅት ሁሉ ይህ ይቀድማል። ጎበዙንና የፊት ወንበሩን መውደድ ለማንም አይከብድም፤ ሥራው ያለው ከኋላ መስኮቱ ሥር ነው። በአሜሪካ መምህራን ዘንድ «ሁለት በአሥር» የሚባል ዘዴ አለ፦ መምህሩ ካስቸገረው ተማሪ ጋር ለአሥር ተከታታይ የትምህርት ቀናት፣ በየቀኑ ለሁለት ደቂቃ፣ ከትምህርትና ከጥፋት ውጪ ስለሆነ ጉዳይ ያወራል። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም እስኪገፈፍ፣ ከሰልፍ በኋላ ወደ ክፍል ሲኬድ ያለችው ጊዜ ለዚህ ትበቃለች።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አርጩሜውን ጥሎ በቦታው ምንም ያልተካ መምህር ግን «ዘንድሮ ልጆቹ ተበላሹ» ማለቱ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ሲያዳርስ የደሴ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው ነበር፤ ያንን ያየ ልጅ ጩኸትና ዱላ ሲያይ ይበልጥ ቢደነግጥ ወይም ቢቆጣ አያስገርምም።

ግንኙነት በአንድ ቀን ጠብ ሊሻክርም ይችላል። ያን ጊዜ ለዕርቅ የሚቀድመው ታላቁ ነው፦ ትናንት ያስወጣውን ልጅ መምህሩ ዛሬ በር ላይ በስሙ ጠርቶ «እንዴት አደርክ?» ይለዋል፤ የትናንቱን ነገር ደግሞ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ይጨርሱታል።