ግላም ሮክ ምንድን ነው? በመስታወት ኮፍያ በኩል ሲታይ

መጀመሪያ አንድ ኮፍያ ላሳያችሁ። ረጅም፣ ጥቁር ኮፍያ ነው፤ ዙሪያውን ክብ ክብ መስታወት ተለጥፎበታል። የሚደፋው ሰው ኖዲ ሆልደር ይባላል፣ የስሌድ ባንድ ዘፋኝ። መድረኩ ይጨልምና አንድ መብራት ብቻ ግንባሩ ላይ ያርፋል። ያኔ መስታወቶቹ ብርሃኑን ተቀብለው ወደ አዳራሹ ይበትኑታል። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ የተመልካቹ ፊት ሳይቀር በብርሃን ይዥጎረጎራል።

ግላም ሮክ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ ይህ ኮፍያ ነው። መብራቱ ኮከቡ ላይ ያርፋል፤ የሚያበራው ግን ሕዝቡን ነው።

ወደ ቃሉ እንምጣ። ግላም የመጣው ግላመር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ማማር፣ መዋብ፣ ዓይን መሳብ ማለት ነው። ግላም ሮክ ደግሞ ከ1971 እስከ 1975 ገደማ እንግሊዝ ውስጥ የነገሠ የሮክ ስልት ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚቃው አይወሳሰብም። ከባድ ምት አለው፣ ጭብጨባ አለው፣ አንዴ ሰምታችሁት አብራችሁ የምትጮሁት አዝማች አለው። አለባበሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ወንዶቹ ፊታቸው ላይ ብልጭልጭ ይቀባሉ፣ የብር ቀለም ያለው ልብስ ይለብሳሉ፣ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ ያደርጋሉ።

ከዚያ በፊት የነበረው ሮክ እየከበደ ሄዶ ነበር። ሙዚቀኛው በጂንስ ሱሪ ይወጣል፣ ረጅም የጊታር ሶሎ ይጫወታል፣ ሰሚው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። የ14 ዓመት ልጅ ግን መጨፈር ነው የሚፈልገው። በ1971 መጋቢት ላይ የቲ ሬክስ ባንድ ዘፋኝ ማርክ ቦላን ጉንጩ ላይ ብልጭልጭ አድርጎ በቢቢሲው የሙዚቃ ፕሮግራም ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ ቀረበ። ብዙዎች የግላም ሮክን መነሻ ከዚያ ምሽት ይቆጥራሉ። የቀለም ቴሌቪዥንም ቤት ለቤት መግባት ጀምሮ ነበር። ብልጭልጩ የሚያምረው በቀለም ነዋ!

ብዙ ሰው ግላም ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ነው። ቦዊን እኔም እወደዋለሁ። ግን እሱ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ይመስላል፤ ታዳጊው በአድናቆት አንጋጦ ነው የሚያየው። ስሌዶች የሰፈር ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው እነሱን የመረጥኩት።

የመጡት ከእንግሊዞቹ ከተሞች ከዎልቨርሃምፕተንና ከዎልሶል ነው። አካባቢው ብላክ ካንትሪ ይባላል፣ ጥቁር አገር እንደማለት፤ የድንጋይ ከሰልና የብረት ፋብሪካ አገር ነው። የሆልደር አባት መስኮት እያጸዳ ነበር ልጁን ያሳደገው። ሆልደር፣ ሊድ ጊታሪስቱ ዴቭ ሂል፣ ቤዝና ቫዮሊን የሚጫወተው ጂም ሊ፣ ድራመሩ ዶን ፓወል። አራቱ ከ1966 ጀምሮ አብረው ሠሩ፤ እስከ 1992ም አልተለያዩም።

አጀማመራቸው ግን አልቀናም። በ1969 ቻስ ቻንድለር ማናጀራቸው ሆነ። ጊታሪስቱን ጂሚ ሄንድሪክስን ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ያመጣው ሰው ነው። ወሬ እንዲነሳላቸው ብሎ ጸጉራቸውን አስላጭቶ፣ ቦቲ ጫማ አስደርጎ እንደ ስኪንሄድ አቀረባቸው። ስኪንሄድ የሚባለው የወጣት ቡድን ደግሞ በጠብ የሚታወቅ ስለነበር አዳራሾች ፈሯቸው። ጸጉራቸውን መልሰው አሳደጉ። በ1971 መጨረሻ «ኮዝ አይ ላቭ ዩ» የሽያጭ ሰንጠረዡ አናት ላይ ወጣ። እስከ 1973 ማብቂያ ድረስ 6 ዘፈኖቻቸው 1ኛ ሆነዋል፤ ስድስቱንም የጻፉት ሆልደርና ሊ ናቸው።

የዘፈኖቻቸውን ርዕስ አጻጻፍ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሆን ብለው ፊደሉን ያበላሹታል። እኛ «ምን ታደርጋለህ» በማለት ፈንታ «ምን ታረጋለህ» ብለን እንደምንጽፈው ማለት ነው። አስተማሪዎች ተቆጡ። ልጆቹ ግን ወደዱት፤ የሰፈራቸው አነጋገር እንዳለ ሸክላው ላይ ታትሞ አዩት።

ብልጭልጩን የያዘው ሂል ነበር። ለቴሌቪዥን ቀረጻ ሲሄዱ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይለብስና ድንገት ብቅ ይላል። ጂም ሊ እንዲህ ያለውን ነገር አይወድም። ሂል ግን «እናንተ ጻፉ፣ እኔ እሸጠዋለሁ» ብሎ ይመልስለት ነበር ይባላል። ትክክል ነበር። እንደሱ ለመልበስ ገንዘብ አያስፈልግም። ብልጭልጭ ወረቀት፣ ሙጫና ትንሽ ድፍረት ካለ ይበቃል።

1973ን ቀስ ብለን እንየው። ሐምሌ 1 ቀን ለንደን በሚገኘው ኧርልስ ኮርት ተጫወቱ። አድናቂ ልጆቹ ኮፍያ ደፍተው፣ ፊታቸውን አብለጭልጨው አዳራሹን ሞሉት። ከሦስት ቀን በኋላ ፓወል ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ የመኪና አደጋ ደረሰበት። አብራው የነበረችው ፍቅረኛው ሞተች። እሱ ለቀናት ራሱን አላወቀም። ሲነቃ የማሽተትና የመቅመስ ስሜቱ ጠፍቷል፤ አእምሮው የቅርብ ነገር አይዝም። ከዚያ በኋላ ቀኑ እንዳይጠፋበት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር።

በደንብ ሳያገግም ነው ኒውዮርክ ሄደው የገና ዘፈን የቀረጹት። ከተማው በሙቀት እየነደደ ነበር። አዝማቹን የዘፈኑት ድምፁ እንዲያስተጋባ ብለው የሕንፃው ኮሪደር ላይ ወጥተው ነው። አስቡት፣ በዚያ ሙቀት አራት እንግሊዛውያን መተላለፊያ ላይ ቆመው ስለ ገና ይጮሃሉ። ግጥሙን ሆልደር ዎልሶል በወላጆቹ ቤት፣ በአንድ ምሽት ነበር የጨረሰው። ከመጠጥ ቤት ተመልሶ። የሚያወራውም ስለ ተራ ቤተሰብ ነው፤ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ካልሲ፣ ስለምትጨፍር አያት።

ታኅሣሥ ላይ ሲወጣ እንግሊዝ ጭንቅ ላይ ነበረች። ነዳጅ ተወድዷል፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት አንሠራም ብለዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ከጥር ጀምሮ ፋብሪካው በሳምንት 3 ቀን ብቻ እንዲሠራ ወሰነ። ቴሌቪዥንም በጊዜ እንዲዘጋ ታዘዘ። (ያው የነዳጅ ዋጋ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ሥራ አስቁሟል። በእኛ አቆጣጠር የየካቲት 66ን ታሪክ የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ።) «ሜሪ ክሪስማስ ኤቭሪባዲ» ግን በወጣበት ሳምንት ቀጥታ 1ኛ ሆኖ ገባ፤ እስከ ጥር አጋማሽም አልወረደም። ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እንግሊዝ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ኅዳር ሲጋመስ ሱፐርማርኬት ስትገቡ የሚቀበላችሁ የሆልደር ጩኸት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። አሜሪካን እንይዛለን ብለው በ1975 ሄዱ፤ አልሆነላቸውም። ሲመለሱ አገሩን ፓንክ የሚባለው አዲስ የሮክ ስልት ይዞታል። በ1983 ኳይት ራየት የተባለ የአሜሪካ ባንድ «ከም ኦን ፊል ዘ ኖይዝ»ን አድሶ 5ኛ ደረጃ አደረሰው። ስሌዶች አሜሪካ ላይ ያላገኙትን ቦታ ዘፈናቸው ብቻውን አገኘው።

እኔ ግን ሁሌም የምመለሰው ወደ 1980 ነሐሴ ነው። የእንግሊዙ የሬዲንግ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የሄቪ ሜታሉ (የከባዱ ሮክ) ዘፋኝ ኦዚ ኦዝቦርን ይቀርና በመጨረሻ ሰዓት ስሌዶች ይጠራሉ። ባንዱ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሜዳውን የሞላው የሄቪ ሜታል ሕዝብ ነው። መጫወት ሲጀምሩ ያ ሕዝብ አበደ። መጨረሻ ላይ የገናው ዘፈን ይሁንልን ብሎ ጮኸ፤ በነሐሴ! ሆልደር እናንተው ዝፈኑት አላቸው። ዘፈኑት።