«ሕግ ተምሬያለሁ፤ ፓተንት ምን ይከብዳል?»

በየክረምቱ ከባህር ዳርና ከደብረ ማርቆስ የሚመረቁ ልጆች ይደውሉልኛል። የፓተንትና የንግድ ምልክት ወኪል መሆን ይፈልጋሉ፤ ማለትም ለፈጣሪ የፓተንት (የፈጠራ ባለመብትነት) ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ለነጋዴ ምልክቱን የሚያስመዘግብ ሰው። ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ሰልችቶኛል፦ «ሕግ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ፈቃድ ማውጣት ነው» የሚሉት።

አልጨረስክም ወንድሜ። ገና መጀመርህ ነው።

የፓተንት ማመልከቻ ልቡ ክሌም የምንለው፣ ጥበቃ የሚጠየቅበትን ፈጠራ በቃላት የሚወስነው ክፍል ነው። እንደ ማሳ ወሰን ነው። ከውስጡ የገባው ያንተ ነው፤ ከውጭ የቀረውን ማንም ያርሰዋል። አንድ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ አንድ ብየዳ ሠራተኛ ማረሻ ይዞ መጣ። ድግሩ እንደ አፈሩ ዓይነት ይሰፋል፣ ይጠባል። አብሮኝ የሚሠራው የሕግ ምሩቅ «በብሎን የሚስተካከል ድግር» ብሎ ጻፈ። ቋንቋው ያማረ ነው። ግን ጎረቤቱ ብሎኑን አውጥቶ በችንካር ቢተካውስ? ከወሰኑ ወጣ፣ አለቀ። ሥራውን የሚሠራው ብሎኑ ሳይሆን የድግሩ መንቀሳቀስ መሆኑን ለማየት ወርክሾፕ ገብቶ እጅን ጥቁር ማድረግ ይጠይቃል። አብራን የምትሠራው የመካኒካል ምህንድስና ምሩቅ ደግሞ የብሎኑን ውፍረት በሚሊሜትር ጻፈች። እሷም ሌላ ወጥመድ ውስጥ ገባች፣ ውፍረቱን ትንሽ የቀየረ ሁሉ ያመልጣል፤ ግን በሳምንት ገባት። እሱ ብዙ ወራት ፈጀበት።

ሌላው ዓለምም ይህን ያውቃል። በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ሰው ለመወከል የሳይንስ ወይም የቴክኒክ ትምህርት፣ በባለሙያ ሥር የ3 ዓመት ልምምድ፣ ከዚያም ከባድ ፈተና አለ። አሜሪካ ውስጥ የፓተንት ኤጀንት ለመሆን የሕግ ዲግሪ እንኳ አይጠየቅም፤ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ዕውቀት ግን ግድ ነው። የንግድ ምልክት ሌላ ነው። እዚያ የሕግ ምሩቅ ቤቱ ነው።

«ንግድ ፈቃድ አለኝ፤ ስሜ ተጠብቋል» የሚለው ደግሞ አለ። የንግድ ስም (ድርጅቱ የሚጠራበት) እና የንግድ ምልክት (ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ከሌላው የሚለይበት) ሁለት የተለያዩ ምዝገባዎች ናቸው። አንድ የማር ነጋዴ ይህን ያወቀው ሌላ ሰው ምልክቱን ቀድሞ ካስመዘገበ በኋላ ነው።

«የንግድ ምልክት አንዴ ከተመዘገበ ለዘላለም ነው።» አይደለም። በአዋጅ 501/1998 ለ7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ይታደሳል።

«ጤፋችንን ፈረንጅ ወሰደው።» ይህን የሕግ ተማሪ ሲለው ያናድደኛል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ላይ ያወጣው ፓተንት የያዘው ሰብሉን ሳይሆን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትንና ከዱቄቱ የሚሠሩ ምርቶችን ነበር። እዚያ የተሰጠ ፓተንት ቢቸና ያለ ወፍጮ ቤት አይደርስም። ጉዳቱ ፓተንቱ ባለበት የአውሮፓ ገበያ ላይ ነበር፤ ያም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «የፈጠራ እርምጃ የለውም» ብሎ፣ ማለትም ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ነው ብሎ፣ የኔዘርላንዱን ፓተንት ሻረው። ክሌሙን ያላነበበ ሰው ግን እስከ ዛሬ ተወሰደ ይላል።

ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት የዚያን ማረሻ ክሌም ጻፉልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ለአንድ ገበሬ አንብቡለት። «ይሄማ የአባቴ ማረሻ ነው» ቢላችሁ ወሰኑ ሰፍቷል፤ አዲስ ነገር የለውም። «በችንካር ባደርገው አይነካኝም» ቢላችሁ ጠቧል። ሁለቱንም ሳይላችሁ ዝም ያለ ቀን ደውሉልኝ።